ጅብ ያየን ለት

(በተማሪዎች ማኅበር የስፖርት ክፍል ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ቅዳሜው ሩጫ እንድንናገር ተጠይቀን ነው። ወሬውን ብዙዎቻችሁ አስቀድማችሁ ሰምታችኋል፤ ወሬው ግን ከእኛ ይልቅ ፈጣን ሯጭ ሆኖ አግኝተነዋል። አንዱ «ከጅብ ጋር ተናነቁ» አለ፤ ሌላው «ጅብ እግሩን በላው» አለ፤ በምግብ አዳራሹ ደግሞ ጅቦቹ ሰባት እንደ ነበሩ ተነግሯል። ጅቡ አንድ ነበር። ማንንም አልነካም። የሆነውን ሁሉ እንደ ሆነ አድርገን ለመንገር ተስማምተናል፤ ነገሩ የደረሰበት ጓደኛችን ስሙ እንዳይጠራ ብቻ ለምኖናል። እዚሁ በመካከላችሁ ተቀምጧል፤ ዘወር ዘወር እያላችሁ ባትፈልጉት ደስ ይለናል።

ሩጫው የተጀመረው በጥቅምት ወር ነው። ከእኛ የሚበዙት የሚኖሩት በኮልፌ ቀራንዮ ነው፤ አንዳንዱ ከቤተል፣ አንዳንዱ ከአየር ጤና፣ ሌላውም ከዚያው ከኮልፌ ይመጣል። መገናኛችን አጠና ተራ ነው፤ ሰዓቱም ከሌሊቱ 11። አጠና ተራን የማያውቅ ቢኖር፣ ስሙ እንደሚነግረው የባሕር ዛፍ አጠና እየተደረደረ የሚሸጥበት ሠፈር ነው። ከተማው ቤት ሲሠራ የሚያቆመው እንጨት ከኮረብታ ወርዶ እዚያ ይቆማል፤ እኛ ደግሞ ከዚያ ተነሥተን እንጨቱ ወደ መጣበት እንወጣለን። ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ እንሄድና ቤቶቹ እየሳሱ ሲመጡ የእግር መንገድ ይዘን ወደ እንጦጦ ሰንሰለት ምዕራባዊ ጫፍ እንገባለን። በዚያ በኩል በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች ላይ የተዘረጋው የጉለሌ እጽዋት ማእከል አለ፤ ስፋቱ 705 ሄክታር ነው። እኛ በሌሊት ወደ ግቢው ስለማይፈቀድልን ከውጭ ባለው መንገድ እንሮጣለን።

መቼም ስለ ሩጫ የሚናገር ሰው አበበ ቢቂላን ሳያነሣ አይወርድም፤ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ባዶ እግሩን ሮጦ ያሸነፈውን ሁላችሁም ስለምታውቁ በዚህ አናቆያችሁም። ይልቁንም ስለ ማሞ ወልዴ አንድ ነገር እንንገራችሁ። ማሞ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. የማራቶንን ወርቅ ያገኘባት የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል 2240 ሜትር ከፍ ያለች ናት። በዚያን ጊዜ የአየሩ መሳሳት ሯጮችን ይጎዳል ተብሎ በዓለም ላይ ብዙ ክርክር ነበረ። ኮልፌ ግን 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ ሠፈር ነው። እንግዲህ አጠና ተራ ቆሞ የጫማውን ክር የሚያስር ተማሪ ገና ሳይሮጥ ከሜክሲኮው ኦሎምፒክ በላይ ቆሟል ማለት ነው። ከዚያ ወጥተን ወደ 3000 ሜትር ስንጠጋ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። ዳገቱ መጨረሻ ላይ አፋችንን ከፍተን ስንተነፍስ ያየን እረኛ «ምን ሆናችሁ ነው?» ብሎ ቢጠይቀን፣ የምጣኔ ሀብት ተማሪ የሆነው ጓደኛችን «አየር ተወዶብን ነው» ሲል መልሶለታል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ሁላችን አንድ ላይ እንሮጥ ነበር። ኋላ ግን ሰዓት የያዘ ሰው ተገኘ። ሰዓት ከመጣ ወዲያ ፊተኛና ኋለኛ መጣ። ከእኛ አራት የሚሆኑት ጠንካሮች ዳገቱን በስንት ደቂቃ እንደ ጨረሱ መመዝገብ ጀመሩ፤ የቀረነው በመካከል ተሰለፍን፤ አንዱ ጓደኛችን ግን ሁልጊዜ ከኋላ ይቀር ነበር። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሰውነቱ ከበድ ያለ ነው፤ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልም ስፖርት ሠርቶ አያውቅም። ከላይ ቆመን እንጠብቀዋለን፤ እሱ እንደ ደረሰ ግን እኛ ዐርፈን ስለ ጨረስን ወዲያው ጉዞ እንጀምራለን። እሱ ዕረፍት የሚባል ነገር አላገኘም ነበር። ይህን ያን ጊዜ ማናችንም አላስተዋልነውም።

በኅዳር ወር በአንድ ቅዳሜ ነገሩ ደረሰ። ጨረቃ አልነበረችም። ብርዱ ጣት ያደነዝዝ ነበር። ቤቶቹ ሊያልቁ ሲሉ አንዲት ትንሽ ድልድይ አለች፤ ከድልድይዋ አጠገብ የሠፈሩ ሰው ቆሻሻ ይጥላል፤ የሥጋ ቤት ትርፍራፊም አይታጣበትም። ፊት ያለው ልጅ የእጅ ስልኩን መብራት ወደዚያ ሲያዞር ሁለት ዐይኖች አረንጓዴ ሆነው በሩ። መጀመሪያ ውሻ መሰለን። ኋላ ግን ትከሻው ከፍ፣ ዳሌው ዝቅ ያለ መሆኑን ስናይ ማን እንደ ሆነ ዐወቅነው። ጅቡ አልተነሣብንም። አፉ ውስጥ የያዘውን ይዞ ተመለከተን፤ እንግዳ መጥቶበት ምሳውን ያቋረጠ ሽማግሌ ይመስል ነበር።

ከእኛ አንዱ «ጅብ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለመናገር ያሳፍራል። ሮጥን። ያን ዳገት እንደዚያ ቀን ወጥተነው አናውቅም፤ ሰዓት የሚይዘው ልጅ ሰዓቱን ማየት ባይረሳ ኖሮ መዝገቡ ይሻሻል ነበር። ሁልጊዜ ጉልበቴን ያመኛል የሚለው ጓደኛችን ከሁሉ ቀደመ። ከኮረብታው ወገብ ላይ ደርሰን ትንፋሻችን ሲመለስ፣ መጀመሪያ ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ተቆጠርን። ዐሥራ አንድ ሆንን። ደግመን ተቆጠርን፤ ያው ዐሥራ አንድ ነን።

እዚህ ላይ «ወዲያው ተመለስን» ለማለት ብንችል ደስ ባለን ነበር። ወዲያው አልተመለስንም። ቆመን ተከራከርን። አንዱ «ወደ ቤቱ ተመልሶ ይሆናል» አለ፤ ሌላው «እስኪነጋ እንጠብቅ» አለ። ስልኩን ብንደውል አያነሣም። ክርክሩ ምናልባት አምስት ደቂቃ ያህል ነው የቆየው፤ ነገር ግን ከመካከላችን ያን አምስት ደቂቃ የረሳ ሰው የለም። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ምንም ሳትናገር ቁልቁል መሄድ ጀመረች፤ እኛም ዐፍረን ተከተልናት።

ጓደኛችንን ከድልድዩ ወዲህ፣ በአንድ የቆርቆሮ በር ፊት፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ሦስት ሴቶች ከበውታል። ገመዳቸውን በጀርባቸው ጣል አድርገው ለእንጨት ወደ ኮረብታው የሚወጡ ናቸው። የሱሪው እግር ተቀዷል፤ ከባቱ ደም ይፈሳል። የነከሰው ጅብ አልነበረም። እኛ ስንሮጥ ጅቡም በበኩሉ ደንግጦ በወንዙ በኩል ወርዷል። ጓደኛችን ግን እኛን ለመከተል ሲጣደፍ መንገድ ስቶ ወደ ቤቶቹ ተጠጋ፤ በጩኸታችን የተነሣ ውሻ ከግቢው ወጥቶ ነከሰው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት በእኛ ላይ እንዲህ ሆኖ ተፈጸመ፤ በተረቱ ላይ ውሻው ይጮኻል እንጂ አይነክስም እንጂ። ውሻውን በድንጋይ ያባረሩለት ሴቶቹ ናቸው።

ከሦስቱ በዕድሜ የገፉት እናት እኛን ከእግር እስከ ራስ አዩንና «ልጆቼ፣ ስንት ሆናችሁ ነው የሮጣችሁት?» ሲሉ ጠየቁን። «ዐሥራ ሁለት ነን፣ እማማ» አልናቸው። «ኧረ እናንተ! እኛ ሦስት ሆነን ሌሊት ሌሊት ስናልፈው፣ እሱም ሲያልፈን ነው የኖርነው። እያወራን እናልፋለን። ዐሥራ ሁለት ሰው አንድ ጅብ ፈርቶ አንዱን ጥሎ ይሄዳል?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ዛሬም የለንም።

የግቢው እመቤት በጩኸቱ ወጥተው ነበርና ሴትየዋ «ሳሙናና ውኃ አምጡ» ብለው አዘዙ። እኛ ቁስሉን በሻሽ ጠምጥመን ልናስረው ስንጣደፍ እሳቸው ከለከሉን፤ ውኃውን ከጆግ እያንቆረቆሩ፣ ሳሙናውን እየደጋገሙ፣ ብዙ ጊዜ አጠቡለት። ይህን የት እንደ ተማሩ አልጠየቅናቸውም። ኋላ እንዳነበብነው ግን የዓለም ጤና ድርጅትም የሚያዘው ይህንኑ ነው፤ ውሻ የነከሰው ቁስል በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል መታጠብ አለበት። በሽታውን የሚያመጣው ረቂቅ ነገር ወደ ነርቭ ሳይገባ ከቁስሉ ላይ እንዲታጠብ ማለት ነው። ከዐሥራ አንዳችን ሁለቱ የጤና ትምህርት ተማሪዎች ነበሩ፤ ይህንንም መደበቅ አልፈለግንም።

አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ጥፋታችንን እንናገራለን። የግቢውን እመቤት ጠየቅን፤ ውሻው ክትባት አልተከተበም። ያን ጊዜ በቀጥታ ወደ ሕክምና መሄድ ይገባን ነበር። እኛ ግን ሰኞ ፈተና አለን ብለን፣ ቁስሉም ትንሽ ነው ብለን፣ ቤቱ አድርሰነው ተበተንን። ከመካከላችን አንዱ የአገር መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አለ ብሎ እስከ ማማከር ደርሶ ነበር። ጓደኛችን ሕክምና የደረሰው ሰኞ ከፈተናው በኋላ ነው። ይህ የሁለት ቀን ስንፍና ምን ሊያመጣ ይችል እንደ ነበረ ያወቅነው ሐኪሙ ሲነግረን ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙም የሚያዘው ከውሻ ነው። ጅብ ፈርተን ስንሮጥ ዕጣችንን የጣልነው በየትኛው አውሬ እጅ እንደ ነበረ ተመልከቱ።

ይሁን እንጂ ምልክት ሳይታይ የተጀመረ ክትባት ያድናል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን፣ ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከተበ፤ ልጁም ዳነ። ከኮልፌ አጠገብ ያለው «ፓስተር» የምንለው ሠፈር የዚህን ሰው ስም የያዘ መሆኑን ከእኛ ስንቱ አስቦት ያውቃል? በየቀኑ በታክሲ «ፓስተር ወራጅ አለ!» እያልን እንወርዳለን። ጓደኛችን ክትባቱን በክንዱ ላይ በተለያዩ ቀናት ተከተበ፤ በየጊዜውም ሁለት ሁለት እየሆንን አብረነው ሄድን።

ሐኪሙ አንድ ሌላ ነገር ነገረን፤ ውሻው እንዳይገደል፣ ታስሮ ከነከሰበት ቀን አንሥቶ ዐሥር ቀን እንዲታይ። ሰውን በነከሰ ጊዜ በሽታው በምራቁ ውስጥ የነበረ ውሻ በዐሥር ቀን ውስጥ ታሞ ይሞታል፤ ካልሞተ ግን ያን ጊዜ አላስተላለፈም ማለት ነው። ክትባቱ ይህን ሳይጠብቅ ይቀጥላል። እንዲህ በመሆኑ ሩጫችን መልኩን ለወጠ። ቅዳሜ ብቻ መሆኑ ቀረና በየማለዳው ሆነ። ሁለት ሁለት ሆነን በተራ ከአጠና ተራ እስከ ቆርቆሮው በር እንሮጣለን፤ በሩ ላይ ቆመን እናዳምጣለን። ውሻው ከውስጥ ሲጮኽ «በሕይወት አለ!» ብለን ተቃቅፈን እንመለሳለን። በሰባተኛው ቀን አልጮኸም። በሩን ብንደበድብ የሚከፍት ጠፋ። የዚያን ቀን ትምህርት የገባው ሰውነታችን ብቻ ነው። ማታ ሁላችን ሄደን ጠየቅን፤ እመቤቲቱ ሰንበቴ ሄደው፣ ልጃቸው ውሻውን ወደ ጓሮ ወስዶ አስሮት ኖሯል። የመብራቱን ብርሃን ሲያይ እንዲያ አድርጎ ሲጮኽብን፣ ከዚያ የጣፈጠ ጩኸት ሰምተን አናውቅም። ዐሥረኛው ቀን ሲደርስ ጓደኛችን ራሱ ሮጦ መጣ። በበሩ ፊት ቆሞ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ፤ ከዚያም ምንም ሳይናገር ወደ ትምህርቱ ሄደ።

በእነዚያ ቀናት ስለ ጅብ ማንበብ ጀመርን፤ እንዲያ የሸሸነውን አውሬ ማወቅ ይገባናል ብለን ነው። የመጀመሪያው ያነበብነው ነገር ሩጫችን ከንቱ እንደ ነበረ የሚነግር ሆነ። ጅብ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ኡሴይን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 በበርሊን የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር ከፍተኛው ፍጥነቱ በሰዓት ከ44 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያለፈ ነበር። እንግዲህ ጅቡ ሊይዘን ቢፈልግ ኖሮ ቦልትም ቢሆን አያመልጥም፤ እኛ ያመለጥነው ስላልፈለገን ነው። የጅብ መንጋ የሚመራውም በሴቶቹ ነው፤ ወንዱ ከእነሱ ያነሰና የበታች ነው። ይህን ስናነብ እኅቶቻችን ያሳዩትን ደስታ ለመግለጽ ጊዜ የለንም።

ከሁሉ የገረመን ግን በትግራይ ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ነው። አጥኚዎቹ የጅብን ኩስ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ ሰብስበው በውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ። የአህያ ፀጉር ከጾሙ በፊት 15 በመቶ ያህል ነበር፤ በጾሙ ጊዜ 33 በመቶ ሆነ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 በመቶ ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ ሲጾም ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ የሥጋ ቤቱ ትርፍራፊ ሲቀር ጅቡ ወደ አህያ ይዞራል። የኛ ጾም ለአያ ጅቦ የአህያ ወራት ነው ማለት ነው። በድልድዩ አጠገብ ያገኘነውም ጅብ የእኛኑ ትርፍራፊ ሊበላ የመጣ ነበር። ሠፈሩ የጣለውን እሱ ያነሣል፤ ሲነጋም ይሄዳል። እኛ በእሱ የሥራ ሰዓት ደረስንበት እንጂ እሱ በእኛ አልደረሰብንም።

ክትባቱ ካለቀ በኋላ፣ በጥር ወር፣ ጓደኛችን «እንደገና እሮጣለሁ» አለ። የት እንሂድ ብንለው «ወጨጫ» ሲል መለሰ። ከኮልፌ ቀራንዮ ሆኖ ማታ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው ፀሐይ የምትገባው በወጨጫ ተራራ ጀርባ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ሄዶበት አያውቅም። ከእኛም የሄደበት አልነበረም። በታክሲ የአምቦን መንገድ ይዘን፣ ለአዲስ አበባ ውኃ ከሚሰጠው ከገፈርሳ ግድብ አጠገብ አልፈን፣ መናገሻ ከተማ ወረድን፤ የቀረው በእግር ነው። ወደ መናገሻ ሱባ ደን ስንገባ ቁር ነበረ፤ ፀሐይ ገና አልወጣችም።

ይህ ደን እንደ እንጦጦው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው አሁንም አለ፤ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታ ይገኛል። የተራራው ጫፍ 3385 ሜትር ነው። ከአጠና ተራ ተነሥቶ የባሕር ዛፍ ሽታ ሲሸተው የኖረ ሰው በዚያ ደን ውስጥ ሲገባ አፍንጫው ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል።

አንድ ነገር ወስነን ነበር። ፊት የሚሮጠው ያ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀረው ጓደኛችን ይሆናል፤ ማንም አይቀድመውም። ጠንካሮቹ አራት ከሁሉ ኋላ ሆኑ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ እግራቸው ታስሮ እንደሚሄድ በቅሎ ተቁነጠነጡ። እሱ ዳገቱ ላይ ይራመዳል፤ ሜዳው ላይ ሶምሶማ ይሮጣል፤ ሲደክመው ይቆማል፤ እኛም እንቆማለን። በዚያ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው ትንፋሹ አይጮኽም። ለዚህም ይመስለናል በእንጦጦው ሩጫ ወር ሙሉ ያላየነውን በአንድ ጠዋት ያየነው። ጉሬዛዎች በዝግባው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይጠብቁ ነበር፤ ነጭ ካባቸው ከቅርንጫፉ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከእኛ በላይ ሆነው ቁልቁል አዩን፤ አልሸሹም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዱ ዘለለ፤ ሌሎቹም በተራ በተራ በዚያው ቅርንጫፍ ላይ እየረገጡ ዘለሉ። የመጨረሻው ትንሽ ግልገል ነበር፤ ፈርቶ ቆመ። እናቱ ትሁን አናውቅም፣ አንዲቱ ተመልሳ መጥታ አዝላው ሄደች። ማንም ምንም አልተናገረም፤ ጓደኛችን ብቻ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይጠባል፤ ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ ነው። በድንገት ከፊታችን፣ ከሃያ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት፣ ውሻ ጮኸ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጣም ከባድ በሆነ ድምፅ። ጓደኛችን ባለበት ደረቀ። ከኋላው ያለችው ልጅ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይታለች። እኛም ሁላችን ያቺ ኅዳር ትዝ አለችን፤ እግራችን ለመሮጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በዚህ አንዋሻችሁም። እሱ ግን ወደ ኋላው ሳይመለከት እጁን ወደ ላይ አነሣ፤ «ቁሙ» ማለቱ ነው። ቆምን። ዐሥራ ሁለታችንም ቆምን። ሁለተኛው ጩኸት መጣ፤ ቁጥቋጦው ተንቀሳቀሰ፤ ከውስጡም ድኩላ ወጣ። ወንድ ነበር፤ ጥቁር ለማለት የሚያስደፍር፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖርና በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሚጠራ ዓይነት ነው። ድኩላ ሲደነግጥ እንደ ውሻ እንደሚጮኽ ከእኛ ማንም አላወቀም ነበር። ቆሞ አየን፤ እኛም ቆመን አየነው፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ገባ። ጓደኛችን እጁን ያወረደው ድኩላው ከሄደ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ጉዳያችን እንምጣ። የስፖርት ክፍሉ ሩጫውን ውድድር አድርጎ ዋንጫ ሊያቆምለት ያሰበ መሆኑን ሰምተናል። ዐሳቡን አንንቅም። ከእኛም ሦስቱ ይደግፉታል፤ ወጣት ያለ ውድድር አይበረታም ይላሉ፤ እነሱም ቀርተው አይደለም፣ እዚሁ ከጎናችን ቆመዋል። የቀረነው ግን አንድ ነገር እንዲታሰብበት እንለምናለን። እ.ኤ.አ. በ1981 በማድሪድ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር የኢትዮጵያ ሯጮች ዙሩን ተሳስተው አንድ ዙር ሲቀር ያለቀ መስሏቸው አፈተለኩ። በዚህ ስሕተት ምክንያት የግሉ ወርቅ አመለጠ፤ መሐመድ ከድር ሁለተኛ ወጣ። የቡድኑን ድል ግን ኢትዮጵያ ወሰደች፤ በቡድን ውጤት ላይ ከፊተኛው በኋላ የሚመጡትም ይቆጠራሉና። እኛ የምንጠይቀው ከዚህ አንድ እርምጃ ብቻ ከፍ ያለ ነው። ተወዳዳሪው ሰው ሳይሆን ቡድን ይሁን፤ ሰዓቱም የሚያዘው የቡድኑ የመጨረሻ ሰው ሲደርስ ይሁን። ይህ ከተፈቀደ ጠንካሮቹ አራት የት ቦታ ሆነው እንደሚሮጡ ራሳቸው ያውቃሉ። ካልተፈቀደም ዋንጫው ለሚፈልገው ይሁን፤ እኛ በቅዳሜያችን እንቀጥላለን። ስብሰባው በድምፅ ይወስን።

ለሚመጣው ቅዳሜ መምጣት የምትፈልጉ ሁሉ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አጠና ተራ ታገኙናላችሁ። መብራት ያለው መብራት ይያዝ፤ ሳሙናውንና ውኃውን እኛ እንይዛለን። በድልድዩ አጠገብ ስንደርስ ሩጫውን አቁመን፣ ተጠጋግተን፣ እያወራን በእግራችን እናልፋለን፤ አያ ጅቦ ካለ ምግቡን ይጨርስ። ገንዘብ አዋጥተን የዚያን ግቢ ውሻና የጎረቤቶቹን ሁለት ውሾች አስከትበናል። እመቤቲቱ አሁን ሲያዩን «ልጆቼ፣ ደኅና አደራችሁ?» ይሉናል። ውሻው ግን ዛሬም ይጮኽብናል።